ጎተራው ሞልቶ የሚቀነጭር ልጅ

ምዕራብ ጎጃም ትርፍ አምራች ነው። የቡሬ፣ የወንበርማና የጃቢ ጠህናን በቆሎ በመኪና ተጭኖ ወደ ሌላ አካባቢ ይሄዳል፤ በርበሬው በፍኖተ ሰላም በኩል አልፎ አዲስ አበባ ይገባል። እንዲህ ባለ አገር ልጅ ከዕድሜው በታች አጥሮ ይቀራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 (ከዚህ በታችም ዓ.ም ካልተባለ በቀር ዓመቱ እ.ኤ.አ. ነው) በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ በምዕራብ ጎጃም ዞን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 43.2 በመቶ የሚሆኑት መቀንጨራቸውን አሳየ። ከዚያ በኋላ የመጣው የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ዞኑ ላለበት ለአማራ ክልል 46 በመቶ አስቀመጠ። በዚያ ዓመት ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው እሱ ነበር፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር።

የምዕራብ ጎጃሙ ጥናት ከመቀንጨር ጋር አብረው ያገኛቸው ነገሮች የእህል እጥረትን አያሳዩም። ተቅማጥ፣ እንገር መከልከል፣ ከጡት በፊት ሌላ ነገር ማቅመስ፣ ተጨማሪ ምግብ የሚጀመርበት ጊዜና የምግቡ ዓይነት ናቸው። ዝርዝሩ በጤና ባለሙያ እጅ ሲገባ የምክር ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ያስነሳብኛል፦ እነዚህ የተራራቁ ነገሮች በልጁ አካል ውስጥ የሚገናኙት የት ላይ ነው? በቆሎው ከጎተራ ወጥቶ፣ ገንፎ ሆኖ፣ የጭን አጥንት እስኪሆን ድረስ ባለው መንገድ ላይ መሰናክሉ የቆመው የት ነው? የሚገናኙት በህዋስ መከፈል ላይ ነው። ይህ ዳሰሳ ስለ እሱ የሚታወቀውን፣ የሚያከራክረውንም፣ ከዚህ አካባቢ ተነስቶ ያያል።

ሰው ከአንድ ህዋስ ተነስቶ ሲያድግ ወደ 30 ትሪሊዮን ህዋስ ይደርሳል። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኮ በ1850ዎቹ አጥብቆ እንዳስተማረው፣ እያንዳንዱ ህዋስ የሚገኘው ከሌላ ህዋስ ብቻ ነው። ከምግብ በቀጥታ የሚሠራ ህዋስ የለም፤ ያለው ህዋስ ምግቡን ወስዶ ለሁለት ይከፈላል እንጂ። ክፍፍሉን በማይክሮስኮፕ ተከታትሎ ማይቶሲስ ብሎ የሰየመው ቫልተር ፍሌሚንግ ነው። በ1882 ባሳተመው መጽሐፍ የሳላማንደር እጭ ህዋሶች ውስጥ ያያቸውን ክሮች ከነአሰላለፋቸው ሣለ። የሰው ክሮሞዞም ቁጥር 46 መሆኑ በትክክል የታወቀው ግን በ1956 ነው፤ ከዚያ በፊት ለሠላሳ ዓመት ያህል 48 ነው ተብሎ ይታመን ነበር።

በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተማሪው ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝና ቴሎፌዝን በቃሉ ይዞ ይወጣል። እነዚህ አራቱ የሚፈጁት ግን አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በላቦራቶሪ የሚያድግ የሰው ህዋስ አንዱን ዙር ለመጨረስ 24 ሰዓት ያህል ከወሰደ፣ ሌላው ጊዜ ሁሉ ዝግጅት ነው። ለመቀንጨር ጉዳይ ደግሞ ወሳኙ ዝግጅቱ ነው። ህዋሱ መጀመሪያ መጠኑን ያሳድጋል፤ ፕሮቲን ይሠራል። ቀጥሎ ዲኤንኤውን በሙሉ፣ ወደ 6 ቢሊዮን የሚጠጉ ፊደላትን፣ አንድ በአንድ ይገለብጣል። ይህ ብቻውን ስምንት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ነው ክሮሞዞሞቹ ተጠቅልለው የሚወፍሩት። የኑክሊየሱ ሽፋን ይፈርሳል፤ ከህዋሱ ሁለት ጫፎች የሚነሱ የፕሮቲን ክሮች እያንዳንዱን ጥንድ ቅጂ ከግራና ከቀኝ ይይዛሉ፤ ጥንዶቹ መሐል ላይ ይሰለፋሉ። አንዲት ጥንድ እንኳ በአንድ ወገን ብቻ ተይዛ ከሆነ ህዋሱ ይጠብቃታል። ሁሉም በትክክል ሲያዙ ቅጂዎቹ ተለያይተው ወደየጫፋቸው ይሳባሉ፤ ህዋሱ ወገቡ ላይ ይጠብብና ለሁለት ይሆናል። እያንዳንዱ ልጅ ህዋስ ያው 46 ክሮሞዞም ይደርሰዋል።

በ2001 የኖቤል ሽልማት የወሰዱት ሊላንድ ሃርትዌል፣ ቲም ሃንትና ፖል ነርስ ያሳዩት ደግሞ ህዋሱ በየደረጃው ቆሞ የሚጠይቅ መሆኑን ነው። ገና ዲኤንኤ መገልበጥ ሳይጀምር፣ የእድገት መልእክት ደርሶኛል ወይ፣ የሚበቃ የፕሮቲን መሥሪያ አለኝ ወይ ብሎ ይፈትሻል። ካልሞላለት አይጀምርም። አይታመምም፣ አይሞትም፤ ይቆማል። ለዚህ ነው መቀንጨር ከሩቅ የማይታየው። የተራበ ልጅ ይከሳል፤ ሰው ያየዋል። የቀነጨረው ልጅ ግን ደህና ይጫወታል፣ ይስቃል፤ ህዋሶቹ ብቻ ሊከፈሉ ሲገባቸው ሳይከፈሉ ቀርተዋል።

ቁመት የሚወሰነው በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ ባለ ስስ የልም አጥንት ንጣፍ ላይ ነው። እዚያ ህዋሶች እየተከፈሉ በረድፍ ይደረደራሉ፤ ከረድፉ ወዲያ ማዶ ያሉት ያብጣሉ፤ ከዚያም ቦታቸውን ለአጥንት ይለቃሉ። አንድ ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት 25 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በሁለተኛው ዓመት 12 ያህል የሚጨምረው በዚህ ነው። ንጣፉ በጉርምስና ማብቂያ ላይ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ምንም ቢበላ ቁመት አይጨምርም።

እንግዲህ ምን ይጎድላል? እዚህ ላይ ከኢትዮጵያ የወጣ አንድ ትልቅ ሥራ አለ። መላኩ ኡመታና ባልደረቦቹ በአርሲ ዶዶታ ሲሬ ወረዳ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት የሆናቸው 100 የቀነጨሩና 100 ያልቀነጨሩ ሕፃናትን ወሰዱ። ግማሾቹ በሳምንት ስድስት ቀን 10 ሚሊ ግራም ዚንክ፣ ግማሾቹ ዚንክ የሌለው ተመሳሳይ ነገር ለስድስት ወር ተሰጣቸው። ውጤቱ በ2000 በላንሴት መጽሔት ታተመ፦ ዚንክ ያገኙት የቀነጨሩ ሕፃናት 7 ሴንቲ ሜትር ሲጨምሩ፣ ያላገኙት 2.8 ብቻ ጨመሩ። ዚንክ ዲኤንኤ በሚገለበጥበትና ዘረ መሎች በሚነበቡበት ሥራ ላይ ከብዙ ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ የሚሠራ ማዕድን ነው። ሲጎድል ክፍፍሉ ይቆማል፤ ለአጥንት ንጣፍ ህዋሶች የሚደርሰው የእድገት መልእክትም ይደክማል።

ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ሙከራዎች ተጠቃልለው ሲታዩ ግን ጭማሪው በአማካይ ትንሽ ነው። በ2011 የታተመ አንድ ጥቅል ትንተና በቀን 10 ሚሊ ግራም ዚንክ ለ24 ሳምንት ሲሰጥ የተገኘውን ጭማሪ 0.37 ሴንቲ ሜትር አድርጎታል። አንዳንዶች ይህን አይተው የአርሲውን ውጤት እንደ ልዩ አጋጣሚ ያልፉታል። እኔ አልስማማም። ጭማሪው ትልቅ የሆነው ጉድለቱ ትልቅ ስለነበረ ነው፤ የጎደለውን ያገኘ ሕፃን ያድጋል፣ ያልጎደለበት አይለወጥም። አማካዩ ሁለቱን ቀላቅሎ ያሳያል። ለእኛ የሚጠቅመው ጥያቄ የቡሬና የደምበጫ ሕፃን ከየትኛው ወገን ነው የሚለው ነው፤ የምግቡ ዓይነት ወደ አርሲው ልጅ ያቀርበዋል።

ምክንያቱም በቆሎ ብዙ ጉልበት፣ ጥቂት የአካል መሥሪያ ያለው እህል ነው። ፕሮቲኑ ላይሲንና ትሪፕቶፋን የሚባሉትን ሁለት አስፈላጊ ክፍሎች ያንሰዋል። አካል እነዚህን ራሱ መሥራት አይችልም፤ አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ ቢትረፈረፉም ፕሮቲኑ አይገጣጠምም። ያለው ዚንክም ፋይቴት በሚባል ነገር ተይዞ አንጀት ሳይወስደው ያልፋል። ጤፍም ፋይቴት አለው፤ ነገር ግን እርሾ ገብቶበት ሁለት ሦስት ቀን የተቦካ ሊጥ ፋይቴቱን በከፊል ይሰብራል። ሳይቦካ የሚሠራ የበቆሎ ቂጣና ገንፎ ይህን ዕድል አያገኝም። በባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ተሻሽሎ በ1993 የወጣው ቢኤች 660 የበቆሎ ዝርያ የዚህን አገር ምርት ከፍ አድርጓል፤ ትልቅ ሥራ ነው። በ2001 የተለቀቀው ቢኤችኪውፒ 542 ደግሞ ላይሲንና ትሪፕቶፋን የጨመረ ነበር። ገበሬው በኩንታል እንጂ በላይሲን ስለማይከፈለው የዚህኛው ዓይነት ዝርያ የመጀመሪያውን ያህል አልተስፋፋም። የልጁ ቁመት በገበያ ዋጋ ውስጥ አልገባም።

ባቄላው፣ ሽምብራውና ሽሮው የበቆሎን ጉድለት በደንብ ይሞላሉ፤ አያቶቻችን ጥራጥሬን ከእህል ጋር ያጣመሩት ያለ ውጤት አይደለም። ችግሩ ሽሮው ከአዋቂው መሶብ ወደ ስምንት ወር ሕፃን አፍ አለመድረሱ ነው። ለሕፃኑ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ የቀጠነ አጥሚት ነው። እንቁላልና ወተት ባለበት ቤትም እንቁላሉ ለገበያ ይሄዳል፤ ጾም ሲገባ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሕፃኑን ባታስጾምም፣ የድስቱና የማንኪያው መነካካት እያሳሰባት እናት የፍስክ ምግብ ከመሥራት ትቆጠባለች። ለልጁ የተለየች አንዲት ትንሽ ድስት ይህን ልትፈታው ትችላለች።

እስካሁን ያልኩት የሚገባውን ነው። ወጪ ደግሞ አለ፤ የምዕራብ ጎጃሙ ጥናት ተቅማጥን የጠቀሰበት ምሥጢር እዚያ ነው። የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል፤ ከአካል ክፍሎች ሁሉ ፈጥኖ የሚከፈል ህዋስ ያለው እዚያ ነው። በየሳምንቱ በተበከለ ውሃና አፈር የሚጠቃ አንጀት ሽፋኑ እየሳሳ፣ ምግብ የሚወስዱት ጣት መሰል ጉጦች እያጠሩ ይሄዳሉ። አካል ጥገናውን አያስቀርም፤ ካስቀረ ሕፃኑ ይሞታል። ስለዚህ ፕሮቲኑም ዚንኩም ወደዚያ ይዞራል። ከዚህ በላይ የብግነት ምልክት የሚሰጡ የደም ኬሚካሎች የአጥንት ንጣፉን ህዋሶች ክፍፍላቸውን እንዲያቆሙ ያዟቸዋል። አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን ሁለት ማሳ አያርስም፤ ለጥገና የተጠመደ ለእድገት አይውልም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለተቅማጥ ከኦአርኤስ ጋር ለአሥር ቀን የሚሰጡት የዚንክ ክኒን ለዚህ ነው። እናቶች ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም ክኒኑን ያቆማሉ። የተቀሩት ቀናት ግን አንጀት የፈረሰውን የሚሠራባቸው ቀናት ናቸው፤ ይህን ቢነገራቸው የሚጨርሱት ይበዛሉ ብዬ አምናለሁ። እንገርም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው እንገርን ለበሽታ መከላከያው ብቻ ያውቀዋል፤ በውስጡ ግን የአንጀት ህዋሶችን ተከፈሉ ብሎ የሚያዝ የእድገት መልእክት በብዛት አለ። ይህን ዓይነት መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲን ያገኘው ስታንሊ ኮኸን በ1986 ኖቤል ተሸልሞበታል። ለአራስ ልጅ ቅቤ አልሶ እንገሩን ማፍሰስ አንጀቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነገረውን ቃል ማስቀረት ነው።

ንጽሕና ብቻውን ቁመት ይመልሳል ወይ? በባንግላዴሽና በኬንያ (2018)፣ በዚምባብዌም (2019) የተደረጉ ትልልቅ ሙከራዎች መጸዳጃ ቤትና እጅ መታጠብ ቁመትን እንዳልጨመሩ አሳዩ፤ ተጨማሪ ምግብ ግን ጥቂት ጨመረ። ብዙዎችን ያስደነገጠ ውጤት ነው። ቀላሉ መጸዳጃ ቤት የአንጀቱን ጥቃት በሚበቃ መጠን አልቀነሰውም ብዬ እረዳዋለሁ፤ ዶሮና ከብት ከሰው ጋር በሚያድሩበት ግቢ አፈር ላይ የሚድህ ሕፃን ከጉድጓድ መጸዳጃ ብዙ አያተርፍም። ሁለተኛው ክርክር ከሁለት ዓመት በኋላ የጠፋው ቁመት ይመለሳል ወይ የሚለው ነው። አብዛኛው መርሐ ግብር፣ እ.ኤ.አ. በ2030 የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በ2015 የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ጭምር፣ ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ባሉት 1,000 ቀናት ላይ ያተኩራል። ከጋምቢያ ገጠር የተገኘ የብዙ ዓመት መረጃ ግን በጉርምስና ጊዜ የጠፋው በከፊል ሲመለስ አሳይቷል። ንጣፉ እስካልተዘጋ ድረስ ህዋሶቹ መከፈል ይችላሉና የሚያስገርም አይደለም። የአንጎል የነርቭ ህዋሶች ግን ከሞላ ጎደል መከፈላቸውን የሚጨርሱት ገና በማኅፀን ሳሉ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚተካ የለም የምለው በቁመቱ ሳይሆን በዚህ የተነሳ ነው።

ጥገና በአዋቂም አካል አያቆምም። የቆዳ የላይኛው ክፍል ከሥር ባለች አንዲት ረድፍ ህዋሶች ክፍፍል በየአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይታደሳል፤ ቁስል ሲደርስ ከዳር ያሉት ወደ መሐል እየተሳቡና እየተከፈሉ ይሸፍኑታል። ጫናና ፍትጊያም ክፍፍሉን ያፈጥነዋል፤ ባዶ እግሩን ያረሰ ገበሬ ተረከዙ የሚወፍረው በዚህ ነው። ደርቆ ሲነቃቃ ግን የመከላከያው ሽፋን በር ይከፍታል። ጎጃም የሚያውቀው የእግር እብጠት፣ ዝሆኔ የሚባለው ፖዶኮኒዮሲስ፣ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይ አፈር ውስጥ ለዓመታት በባዶ እግር የሄደ፣ በዘሩም ተጋላጭነት ያለው ሰው የእግሩ የሊምፍ መተላለፊያ ይጎዳል፤ እግሩ ያብጣል፣ ቆዳው ከልክ በላይ እየተባዛ ይሻክራል። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ዞኖች የተደረገና በ2012 የታተመ ጥናት 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት 3.3 በመቶው ታማሚ መሆናቸውን አገኘ፤ በአገር ደረጃ ቁጥሩ ወደ 1.5 ሚሊዮን ይገመታል። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ ደግሞ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ማሰርና ጫማ ማድረግ የሚያቃጥለውን ሕመም ምልልስ እንደሚቀንስ በ2018 አረጋገጠ። የተሰነጠቀው ሲለሰልስ ህዋሶቹ ክፍተቱን ይዘጋሉ፤ ጀርም መግቢያ ያጣል። ከአገር በሽታዎች ሁሉ ለመከላከል እንዲህ የቀለለ ማግኘት ይከብዳል፤ አሁንም መኖሩ ያሳዝነኛል።

አጥንት ሲሰበርም ያው ክፍፍል ነው። በስብራቱ ዙሪያ ደም ይረጋል፤ ከአጥንቱ ሽፋን የሚነሱ ህዋሶች ይባዛሉ፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ለስላሳ ማያያዣ ይሠራሉ፤ ከዚያ በወራት ይጠነክራል። ወጌሻ ይህን ሂደት ከልምድ ያውቀዋል። አጥንት ማስተካከልና ማሳረፍ ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰውም አድኗል። የሚያስፈራው በቀርቀሃ ስንጥር አጥብቆ ማሰር ነው። ደም ያልደረሰው ህዋስ ሊከፈል ቀርቶ መኖር አይችልም፤ እግር ወይም እጅ ይጠቁርና ይቆረጣል። የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ይህን በተደጋጋሚ ጽፈዋል፤ ብዙዎቹ ተጎጂዎች ልጆች ናቸው። ጣቱ የቀዘቀዘ፣ የደነዘዘ ወይም የጠቆረ ከሆነ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት መፈታት አለበት።

በህዋስ ቁጥር ከታየ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚታደሰው ደም ነው። ቀይ የደም ህዋስ ኑክሊየስ ስለሌለው አይከፈልም፤ 120 ቀን ያህል ኖሮ ይሞታል። የአጥንት መቅኔ በየሰከንዱ ሁለት ሚሊዮን ያህል አዲስ ያወጣል። ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ ከቡሬ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርዱት ቀበሌዎች ወባ ሲነሳ ጥገኛው በቀይ ህዋሱ ውስጥ ራሱን አባዝቶ ያፈነዳዋል፤ መቅኔው የጠፋውን ለመተካት ብረትና ፎሌት ይፈልጋል። ጎመንና ሽምብራ ፎሌት አላቸው። ወባው ድኖ ደሙ ያልተመለሰለት ልጅ ሌላ ዕዳ ተጨመረበት ማለት ነው።

ክፍፍል ከልኩ ሲያልፍ ካንሰር ነው። የማኅፀን በር ካንሰር አምጪው ቫይረስ ሁለት የህዋስ ጠባቂ ፕሮቲኖችን ያሰናክላል፤ ህዋሱ መቆም በሚገባው ቦታ ሳይቆም ያልፋል። በ2011 ዓ.ም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት ይህን ቀድሞ ይከላከላል። ለሕፃናት የደም ካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲን ደግሞ ክሮሞዞሞቹን የሚስቡትን ክሮች እንዳይሠሩ ያደርጋል። በ2008 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ በየትምህርት ቤቱ መሰጠት የጀመረው የአንጀት ትል መድኃኒት አልቤንዳዞልም የሚይዘው እነዚሁ ክሮች የተሠሩበትን ፕሮቲን ነው፤ የሚጣበቀው ግን ከሰው ይልቅ በትሉ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ወደ መቀንጨሩ ስመለስ፣ በአካባቢው የምመኘው ነገር ርካሽ ነው። የጤና ኬላ ሚዛን አለው፤ የክንድ ዙሪያ መለኪያ ሪባንም አለው። ሁለቱም መክሳትን ያያሉ፤ መቀንጨርን አያዩም። የርዝመት መለኪያ ሰሌዳ ከእንጨት ይሠራል፤ ልኩ በሚሊ ሜትር ተፈትሾ ከተሰጠው የፍኖተ ሰላም አናጺ ይሠራዋል። ለመለካት ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ጭንቅላት ይይዛል፣ አንዱ ጉልበት ያቀናና እግሩን ያስጠጋል። ከልደት ጀምሮ በየሦስት ወሩ ቢለካ፣ የአጥንቱ ንጣፍ የዘገየበት ጊዜ ልጁ ተቅማጥ ከያዘበት፣ ምግብ ከጀመረበትና ወባ ካመመው ወር ጋር በአንድ ካርድ ላይ ይነበባል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ለእናቲቱ የምትለው ነገር በዚያች እናት ልጅ ላይ የደረሰው ይሆናል።